ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ፤ ከደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት እስከ ቴአትር መድረክ

የአንድን አገር ታሪክ የሠሩት ጋሻና ጦር ይዘው የዘመቱ ሰዎች ብቻ አይደሉም። በብዕራቸው ያስተማሩ፣ በዜማቸው ያጽናኑ፣ በጨዋታቸው የገሠጹም አሉ። ነገር ግን የጦረኛው ስም በተዋጋበት ሜዳ ሲጠራ ይኖራል፤ የቴአትር ሰው ሥራ ግን መጋረጃው በተዘጋ ጊዜ ያልፋል፤ ያዩትም ሰዎች ሲያልፉ የሚያስታውሰው ይጠፋል። ስለዚህ ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ለመጽሔቱ የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ ለመጻፍ ባሰብን ጊዜ፣ ከሩቅ አገር ከመፈለግ ይልቅ የጎረቤታችንን የጎጃምን ሰው የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤን ታሪክ መረጥን።

ዮፍታሔ ንጉሤ በ1887 ዓ.ም. በደብረ ኤልያስ ተወለዱ። ደብረ ኤልያስ ከደምበጫ በስተደቡብ ወደ ዓባይ በሚያዘቀዝቀው አገር የሚገኝ ደብር ነው። ዛሬ በምሥራቅ ጎጃም የሚቈጠር ቢሆንም ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ የአየሩ ጠባይ፣ የእርሻው ዓይነት፣ የሰዉም አነጋገር የእኛው ነው። የተወለዱበት ዓመት ከዐድዋ ጦርነት የቀደመው ዓመት ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦራቸውን አስከትለው ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ዮፍታሔ ገና ሕፃን ነበሩ። እንግዲህ እኒህ ሰው ያደጉት ጠላት ድል ሆኖ ተመለሰ እየተባለ በሚወራበት ዘመን ነው፤ ያ ጠላት ከአርባ ዓመት በኋላ ተመልሶ እንደሚመጣና እሳቸውን ራሳቸውን እንደሚያሰድዳቸው ማን ሊያውቅ ይችል ነበር?

ስማቸውም ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት በ11ኛው ምዕራፍ እንደምናነበው፣ ዮፍታሔ የሚባለው የገለዓድ ሰው ወንድሞቹ አሳድደውት በባዕድ አገር ተቀመጠ፤ ጠላት በተነሣ ጊዜ ግን የአገሩ ሽማግሎች ሄደው ጠሩት፤ እርሱም ተመልሶ ለሕዝቡ ተዋጋ። ስም ሁሉ ዕጣ ፈንታ ነው ልንል አንደፍርም። ይሁን እንጂ የእኛም ዮፍታሔ ከአገራቸው ተሰደው በባዕድ ምድር እንደ ኖሩና በአገራቸው ነጻ መውጫ ጊዜ እንደ ተመለሱ ስናይ ስምና ታሪክ እንዴት እንደ ተገናኙ መደነቃችን አልቀረም።

ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት የታወቀ ስፍራ ነው። ታላቁ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ ይኸው ነው። በፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ የማንኩሳውን የበዛብህን ታሪክ ያነበበ ሰው የቆሎ ተማሪ ኑሮ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ተማሪው ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን በትከሻው አንጠልጥሎ፣ ውሻ የሚመልስበትን በትር ይዞ፣ በየደጁ ስለ ቅዱሳን ስም እየለመነ ይውላል። ያገኘውን ቁራሽ ይዞ ወደ ጎጆው ይመለስና ሌሊቱን ቀለም ሲቈጥር ያድራል። ረኃቡ፣ ብርዱና የውሻው ንክሻ የትምህርቱ ክፍል ናቸው ለማለት ይቻላል። ዛሬ በወንበር ተቀምጠን፣ ደብተርና መጽሐፍ ተሰጥቶን የምንማር ልጆች ስንፍና በያዘን ጊዜ ይህን ብናስብ ይጠቅመናል።

ዮፍታሔም ያደጉት በዚህ ትምህርት ነው። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤት ከምታልቀው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይወጣል። ቅኔው ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበት፤ የትናንቱን ደግሞ ማቅረብም የሌላውን መስረቅም ነውር ነው። ደግሞም ሰምና ወርቅ አለው፤ ይኸውም ከላይ የሚሰማው ነገር አንድ፣ ከሥሩ የተሰወረው ቁም ነገር ሌላ መሆኑ ነው። ይህ ትምህርት ለኋላው የቴአትር ሥራቸው እንዴት ያለ መሠረት እንደ ሆነ ማስተዋል አያስቸግርም። ቴአትርም ከላይ ሲያዩት ጨዋታ፣ ከሥሩ ሲመረምሩት ተግሣጽ ነውና።

ቀኝ ጌታ የሚለው ማዕርጋቸውም ከቤተ ክርስቲያን የተገኘ ነው። በማኅሌት ጊዜ ካህናቱ በቀኝና በግራ በሁለት ወገን ይቆማሉ፤ የቀኙ ወገን አለቃ ቀኝ ጌታ፣ የግራው ግራ ጌታ ይባላል። መቋሚያው፣ ጸናጽሉ፣ ከበሮው፣ የእግሩ አካሄድ፣ አንዱ ወገን ሲያወርድ ሌላው የሚቀበልበት ሥርዓት ይህ ሁሉ ልክና መጠን አለው። አንድ ሰው ይህን ሥርዓት ሲመራ ከኖረ በኋላ ብዙ ሰዎችን በአንድ መድረክ ላይ አቁሞ፣ ማን መቼ እንደሚናገርና ማን መቼ እንደሚያዜም ለመወሰን ቢነሣ ሥራው እንግዳ ሊሆንበት አይችልም። ቴአትር ከውጭ አገር የመጣ ጥበብ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ዮፍታሔ ከደብረ ኤልያስ ይዘውት የመጡት ባይኖር ኖሮ የመጣው ጥበብ በአገራችን አፈር እንዲህ ፈጥኖ ሥር ባልሰደደ ነበር።

ዮፍታሔ ወደ አዲስ አበባ ሄደው በዚያ መኖር በጀመሩበት ዘመን ቴአትር የሚባለው ነገር በብዙ ሰው ዘንድ አይታወቅም ነበር። የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የጻፉት በሩስያ አገር የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ ስሙም ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ ይባላል። ደራሲው በእንስሳት እያመሳሰሉ የዘመኑን የአስተዳደር ጉድለት ስለ ነቀፉ መኳንንቱ አልወደዱትም፤ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱም ዘመን ቴአትር እንዲቀር ተደረገ። አዲሱ ጥበብ በተወለደ ማግሥት አፉ ተዘጋ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ነገር የደረሰው በአገራችን ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1642 የአገሩ ፓርላማ ቴአትር ቤቶችን ሁሉ ዘጋ፤ ተጫዋቾቹም ዳግማዊ ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1660 ወደ መንግሥቱ እስኪመለስ ድረስ ለአሥራ ስምንት ዓመት ያህል ያለ ሥራ ተንከራተቱ። ከዚያ በፊት በወጣ ሕግም ጌታ የሌለው ተጫዋች እንደ ወሮበላ ይቈጠር ነበር። ቴአትሩ እንደ ገና ሲከፈት ከታወቁት ተጫዋቾች አንዱ ኤድዋርድ ካይናስተን የሚባል ወጣት ነው። በዚያ አገር ሴት በመድረክ ላይ መውጣት ነውር ስለ ነበረ የሴቶቹን ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ ካይናስተንም በመልኩ ማማር የታወቀ የሴት ተጫዋች ሆነ። ሴቶች ራሳቸው ወደ መድረክ ሲወጡ ግን ያን ሥራውን ትቶ የንጉሥና የመኳንንት ቦታ መጫወት ጀመረ። ይህን እዚህ ላይ ያነሣነው፣ የጥበብ መንገድ በየትም አገር አልጋ በአልጋ እንዳልሆነ፣ በመጀመሪያ የተናቀውም ነገር ኋላ እንደሚከበር ለማሳየት ነው።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቴአትር እንደ ገና ተፈቀደ፤ መጠጊያውም ትምህርት ቤት ሆነ። በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መላኩ በጎሰው፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ደግሞ ዮፍታሔ ንጉሤ ድርሰት እየደረሱ፣ ተማሮቻቸውን እያለማመዱ፣ በመኳንንቱና በሕዝቡ ፊት ያስጫውቱ ጀመር። ስለዚህ የአገራችን የመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች ደመወዝ የሚከፈላቸው የቴአትር ሠራተኞች አልነበሩም፤ እንደ እኛ ያሉ ተማሮች ነበሩ። የሴቶቹንም ቦታ፣ ልክ በካይናስተን ዘመን እንደ ነበረው፣ ነጠላ አጣፍተው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ።

የዮፍታሔ ቴአትሮች በግጥም የተጻፉና መዝሙር የተቀላቀለባቸው ናቸው። ከእነዚህም መካከል ጥቅም ያለበት ጨዋታ፣ ምስክር፣ የሕዝብ ጸጸት፣ የሆድ አምላኩ ቅጣት የሚባሉት ይገኛሉ። ከስማቸው ብቻ ብዙ ነገር ለመረዳት ይቻላል። በዚያን ጊዜ ቴአትርን ሰዉ የሚጠራው ጨዋታ እያለ ነበር፤ ጨዋታ ደግሞ በጨዋ ሰው ዘንድ የሥራ ፈት ነገር ነው። ዮፍታሔ ግን ለድርሰታቸው ጥቅም ያለበት ጨዋታ የሚል ስም በማውጣት ለዚህ ነቀፋ አስቀድመው መልስ ሰጡ። የሆድ አምላኩ ቅጣት የሚለውም ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ3ኛው ምዕራፍ ሆዳቸውን አምላክ ስላደረጉ ሰዎች የተናገረውን ያስታውሰናል። ሆዱን ያመለከ ሰው ጊዜ ሲከፋ አገሩን ለመሸጥ አይመለስም፤ ይህም ብዙ ሳይቈይ በዐይን የታየ እውነት ሆነ።

አንድ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ፣ በማኅሌት በቀኝ ወገን አለቃ የሆነ ሰው፣ የዓለማዊ ጨዋታ ደራሲ መሆኑ በዘመኑ ቀላል ነገር አልነበረም። በአገራችን አዝማሪ የሚለው ቃል እንኳ ብዙ ጊዜ ለስድብ ሲነገር ኖሮአል። ዮፍታሔ ቢፈልጉ በማዕርጋቸው ተከብረው፣ በቅኔያቸው ተመስግነው፣ ያለ ሐሜት ሊኖሩ ይችሉ ነበር። ነገር ግን የግዕዝ ቅኔ የሚገባው ለጥቂት ሊቃውንት ብቻ እንደ ሆነ ያውቁ ነበርና፣ ወርቁን ያልተማረውም ሰው እንዲካፈለው በአማርኛና በመድረክ አቀረቡት። ድፍረታቸው እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ በሕዝብ አፍ ላይ ብዙ ዘመን የኖረው ግን የብሔራዊው መዝሙር ግጥም ነው። ዜማውን የደረሱት በአርመኖቹ በአርባ ልጆች የሙዚቃ መምህርነት ወደ አገራችን የመጡት ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው፤ ግጥሙን የጻፉት ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። ከኢየሩሳሌም የመጣ አርመናዊና ከደብረ ኤልያስ የመጣ የቅኔ ሊቅ ተገናኝተው ለአንድ አገር መዝሙር ሰጡ። ይህም መዝሙር በ1967 ዓ.ም. በሌላ እስኪተካ ድረስ፣ ከአምስቱ የጠላት ዘመን በቀር፣ የአገሪቱ መዝሙር ሆኖ ኖረ። አያቶቻችን በልጅነታቸው በሰንደቅ ዓላማ ፊት ተሰልፈው የዘመሩት ይህንኑ ነው፤ ብዙዎቹ ዛሬም ቃሉን አልረሱም፤ የጻፈውን ሰው ስም የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ሊመጣ እንደ ሆነ በታወቀ ጊዜ በአዲስ አበባ የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ሥራውም ሕዝቡን በንግግር፣ በግጥምና በዘፈን ለአገሩ እንዲነሣ ማድረግ ነበር። ዛሬ የሀገር ፍቅር ቴአትር የምንለው ከዚሁ ማኅበር የተወለደ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ። የተማሩ ሰዎች እየታደኑ ተገደሉ፤ ሌሎቹ ወደ ዱር ገቡ፤ ሌሎቹም ተሰደዱ። ዮፍታሔም ወደ ሱዳን ተሰደዱ።

ስደት ለጸሐፊ እጥፍ መከራ ነው። ገበሬ ቢሰደድ እጁን ይዞ ይሄዳል፤ በሄደበትም አርሶ ይበላል። ነጋዴም እንዲሁ ነው። የአማርኛ ባለቅኔ ግን መሣሪያው ቋንቋው ስለ ሆነ የሚሰማው ሕዝብ በሌለበት አገር ዲዳ ሆኖ ይቀመጣል። ዮፍታሔ ግን ዲዳ አልሆኑም። ከታወቁት ቴአትሮቻቸው አንዱ የሆነውን አፋጀሽኝን የጻፉት በዚሁ በስደት ዘመን ነው። አፋጀሽኝ በአገራችን ለሴት ልጅ የሚወጣ ስም ነው፤ ከሥሩ ሲመረምሩት ግን ስለ እርስዋ ሰው ከሰው የተላለቀባትን፣ ደም የፈሰሰባትን ያመለክታል። የቅኔ ሊቅ ይህን ስም ሲመርጥ ሰሙን ለጨዋታው፣ ወርቁን ለአገሩ እንደ ሰጠ እናስተውላለን።

በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ አገር ወደ ሱዳን መጡ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወሰኑን አልፈው ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ከስደት ከተመለሱት መካከል ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ አንዱ ነበሩ። ይህ የድል ጉዞ ያለፈው በእኛው ምድር ነው። በዚያን ጊዜ በጎጃም ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና ሌሎች አርበኞች ጠላትን ዕረፍት ነሥተውት ነበር። ጣሊያን በየካቲት ወር መጨረሻ ቡሬን ለቀቀ፤ ከማንኩሳም ተነሥቶ በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሸ። ንጉሠ ነገሥቱ በቡሬ አልፈው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ጠላት በገባበት ቀን በአምስተኛው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሱ። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማችን ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ያገኘችው ከዚሁ ጉዞ እንደ ሆነ ሽማግሎቻችን ይነግሩናል። እኛ በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት የምንመላለስበት መንገድ እንግዲህ ተራ መንገድ አይደለም፤ አርበኛውና ስደተኛው፣ ጦረኛውና ባለቅኔው በአንድነት ወደ ነጻነት የሄዱበት መንገድ ነው።

ከነጻነት በኋላ ዮፍታሔ ብዙ ዘመን አልኖሩም። በ1939 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ፤ ዕድሜያቸው 52 ዓመት ያህል ነበር። ከቴአትሮቻቸው ብዙዎቹ በሕይወታቸው ሳሉ ታትመው በሕዝብ እጅ አልገቡም። ኋላ የዩኒቨርሲቲ መምህርና ባለቅኔ የነበረው ዮሐንስ አድማሱ የእኒህን ሰው የሕይወትና የጽሑፍ ታሪክ በብዙ ድካም ሰብስቦ ጻፈ፤ መጽሐፉ የታተመው ግን እርሱም ካረፈ በኋላ ነው። አንዱ ደራሲ ሥራውን ታትሞ ሳያይ ሞተ፤ የእርሱን ታሪክ የጻፈውም እንዲሁ ሳያይ ሞተ። ይህን ስናስብ ልባችን ያዝናል። ደግሞም አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ያልተጻፈ ይረሳል፤ የተጻፈውም ካልተጠበቀ ይጠፋል።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ የአባቶቻችን ትምህርትና የዛሬው ትምህርት ጠላቶች አይደሉም። ዮፍታሔ ከቅኔ ቤት ወጥተው በዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ የቀድሞውን አልጣሉም፤ አዲሱንም አልናቁም፤ አንዱን ለአንዱ አጋዥ አደረጉት። ሁለተኛ፣ ጨዋታ ሁሉ ሥራ ፈትነት አይደለም፤ እውነትን በደረቁ ሲነግሩት የሚቈጣ ሰው በመድረክ ሲያየው ስቆ ይቀበለዋል። ሦስተኛ፣ አገር በጠመንጃ ብቻ አይጠበቅም፤ ሕዝቡ ለምን እንደሚሞት የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

ለወላጆቻችንም አንድ ቃል በትሕትና እንናገራለን። ልጃችሁ በትምህርት ቤት የቴአትር ክበብ ገብቶ ማታ ዘግይቶ ቢመለስ፣ በተለይም ሴት ልጃችሁ በመድረክ ላይ ብትወጣ፣ አዝማሪ ልትሆን ነው ብላችሁ አትዘኑ። በዮፍታሔ ዘመን የሴት ቦታ የሚጫወተው ወንድ ነበር፤ ዛሬ ሴቶች ልጆቻችሁ ራሳቸው ወጥተው የራሳቸውን ነገር በራሳቸው አንደበት ይናገራሉ። ይህ የሥልጣኔ ፍሬ እንጂ ነውር አይደለም።

ለእናንተም ለጓደኞቻችንና ከእኛ በኋላ ለምትመጡ ታናናሾቻችን የምንተወው አደራ አለ። በየደብሩና በየመንደሩ፣ በቡሬም ሆነ በደምበጫ፣ በጅጋም ሆነ በማንኩሳ፣ የድሮውን ቅኔ፣ ቀረርቶና ተረት የሚያውቁ ሽማግሎች ገና አሉ። ደብተራችሁን ይዛችሁ ወደ እነርሱ ሂዱ፤ ጠይቁ፤ ጻፉ። ይህን ብናደርግ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የጀመሩትን ሥራ እንቀጥላለን፤ እግዚአብሔርም ይርዳን።